ፕሮፌሰሯ የራሳቸውን ቅጂ ለተማሪ ሲያስደምጡ፦ ከከተማ ዳር ጤና ጣቢያ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የአንዲት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰርን የሙያ ሕይወት አንድ ምዕራፍ ይመዘግባል። ሳይኮቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ለሚያስተምሩ፣ ለሚማሩና ጤና ጣቢያ ውስጥ የምክር አገልግሎት ለመጀመር ለሚያስቡ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እኔ እዚያ ጤና ጣቢያ ከሠለጠኑት የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ ነኝ። አሁን በሌላ ቦታ ተማሪዎችን አሠለጥናለሁ። ፕሮፌሰሯም፣ ታሪካቸው እዚህ የተነሣው እናትም እንድጽፍ ፈቅደዋል። የማንንም ስም አልጠራም። ማንነት የሚያሳብቁ ዝርዝሮችም ተቀይረዋል።

ዳራ

ፕሮፌሰሯ ሳይኮቴራፒን ከሃያ ዓመት በላይ አስተምረዋል። ጠዋት ክፍል ይገባሉ። ምርምራቸው መጠይቅ እያስሞሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጭንቀትና ድባቴ መለካት ነበር። አመሻሽ ላይ መሃል ከተማ ባለ የግል ክሊኒክ ታካሚ ያያሉ። ሦስቱን ሥራ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ ሥራዎቹ ግን አይተዋወቁም። ክሊኒክ ያዩትን ክፍል ውስጥ አያነሱትም። የሚያስተምሩት ሕክምና እዚህ አገር ማንን እንደጠቀመ ምርምራቸው አይጠይቅም። የደረጃ እድገት የሚገኘው በታተመ ጽሑፍ ነው፤ ታካሚ ጋ የዋለ ሰዓት አይቆጠርም።

ሙያው ሲመሠረት ሐሳቡ እንዲህ አልነበረም። ላይትነር ዊትመር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ትምህርቱም ምርምሩም ሕክምናውም እዚያው ነበሩ። በ1949 ደግሞ በአሜሪካዋ የቦልደር ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም ሐኪምም ሆኖ እንዲሠለጥን ተስማሙ። የእኛም ሥርዓተ ትምህርት የተቀረጸው በዚሁ መንፈስ ነው።

በአገራችን አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ሳይካትሪስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ኤም ኤች ጋፕ የተባለውን ፕሮግራም በ2008 ሲጀምር ኢትዮጵያ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች መካከል ነበረች። በዚህ መንገድ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነዋል። መድኃኒቱም በተወሰነ ደረጃ ወርዷል። የንግግር ሕክምናው ግን እዚያው መሃል ከተማ ቀረ።

ጤና ጣቢያው ያለው ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ በኮንዶሚኒየሞች መካከል ነው። አካባቢው ብዙ ዓይነት ሰው ተሰብስቦበታል። ዕጣ ደርሷቸው የገቡ፣ ኪራይ ሸሽተው የመጡ፣ መሃል ከተማ ቤታቸው ለልማት የፈረሰባቸው፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ወጣት ሴቶች፣ እርሻቸው ብሎክ የተሠራበት የገበሬ ቤተሰቦች። ውሃ በፈረቃ ነው። አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ይዞ መውጣት የዕለት ሥራ ነው። ጤና መኮንኑ በተደጋጋሚ የሚያያቸው ታካሚዎች ነበሩት፦ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ ማጣት። ምርመራው ንጹሕ ይወጣል። ሰውየው ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ፕሮፌሰሯን በሰው በሰው አግኝቶ እርዳታ የጠየቀው እሱ ነው።

ችግሩ

ጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ሰጠን፤ እኛም ለፕራክቲካም፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ተመደብን። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ሱፐርቪዥን የሚደረገው በጽሑፍ ሪፖርት ነበር። ተማሪው ከታካሚው ጋር ያሳለፈውን ሰዓት አስታውሶ ይጽፋል፣ ፕሮፌሰሯ አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። ሪፖርቶቹ ያምሩ ነበር። ሁሉም «በጥሞና አዳመጥኩ» ይላል። ታካሚዎች ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ይቀራሉ።

ካርል ሮጀርስ ይህን ችግር ቀድሞ አይቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን ሕክምና ሙሉ ንግግር ከድምፅ ቅጂ ገልብጦ አወጣ። ከዚያ በፊት ሳይኮቴራፒ የሚማረው ሰው በዋናነት የሚሰማው ሐኪሙ የሚያስታውሰውን ነበር። እኛም ገና እዚያ ነበርን።

ፕሮፌሰሯ በታካሚው ፈቃድ ድምፅ እንድንቀርጽ ወሰኑ። የመጀመሪያው ቅጂ ሲከፈት የሆነውን አልረሳውም። ከታካሚዋ ይልቅ ተማሪው ብዙ ያወራል። «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ ጸልዪ፣ ልጆችሽን አስቢ» ይላታል። እሷ «እሺ» ትላለች፤ ከዚያ ዝም። ፕሮፌሰሯ ሰዓት ይዘው የማን ድምፅ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ለኩ። ከዚያ የሁላችንም ቅጂ በተራ ተለካ። የሁላችንም ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም ነበር።

እኔ ይህን የተማሪ ድክመት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሽማግሌ ሲመክር፣ የንስሐ አባት ሲገሥጽ፣ ጎረቤት ሲያጽናና አይተን ነው ያደግነው። የተጨነቀ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨካኝነት ይመስለናል። ከዚያ በላይ ግን አንድም ቀን ጥሩ ሕክምና በጆሯችን ሰምተን አናውቅም ነበር። ሊጥ ሳይነኩ እንጀራ መጋገር እንደመማር ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተነሣው የበሩ ጽሑፍ ነው። «የአእምሮ ጤና» የሚለው ተነቅሎ የክፍሉ ቁጥር ብቻ ቀረ። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ የታካሚውን ስም በኮሪደር መጥራት አቆመች። ክፍሉን ከክትባት ጋር ስለምንጋራ የሕፃናት ለቅሶ ሲበረታ ቀጠሮ አንይዝም።

ቀጥሎ የቀረጻው ሥርዓት ተበጀ። ለእያንዳንዱ ሰው ማን እንደሚሰማው፣ ለምን እንደሚሰማና መቼ እንደሚጠፋ በቃል እናስረዳለን። በተማሪ ስልክ መቅረጽ ተከለከለ። አንዲት ትንሽ መቅጃ ተገዛችና ጤና ጣቢያው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈባት። ከሱፐርቪዥን በኋላ ቅጂው ይጠፋል። አንዲት ወጣት ንግግሯን ጨርሳ ወጥታ ከበር ተመለሰችና «አጥፉልኝ» አለች። እዚያው ፊቷ ጠፋ። በቀጣዩ ቀጠሮ ራሷ «ዛሬ ቅረጹት» አለች።

በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጀመሪያ ፒ ኤች ኪው ናይን የተባለው የድባቴ መጠይቅ ይሞላል። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ከ0 እስከ 27 ነጥብ ያወጣል። የአማርኛ ቅጂው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ማንበብ ለማይችሉ እናነብላቸዋለን። ፕሮፌሰሯ ውጤቱን ለታካሚው እንድናሳይና አብረን እንድንነጋገርበት ያዝዙን ነበር። ለዓመታት በምርምር የተጠቀሙበት መጠይቅ በመጀመሪያ የሞላውን ሰው ሲጠቅም ያየሁት እዚያ ነው።

ትልቁ እርምጃ ግን ሌላ ነው። ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ታካሚ ያዙ። የራሳቸውንም ቅጂ እንደኛው ጠረጴዛ ላይ አወጡት።

አንዲት እናት

እኚህ እናት ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። የተወለዱበት መሃል ከተማ ሰፈር ሲፈርስ ከባለቤታቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ገቡ። በመጀመሪያው ክረምት ባለቤታቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ጨጓራቸው ይቃጠላል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። ኦሜፕራዞል የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት ደጋግመው ወስደዋል። ጤና መኮንኑ ወደኛ ሲልካቸው «እኔ አላበድኩም እኮ» ብለው ነው የገቡት። የመጠይቁ ውጤት ከ15 በላይ ነበር፤ ከፍ ያለ ድባቴ ነው።

ፕሮፌሰሯ የጀመሩት ታካሚው የተዋቸውን የዕለት ሥራዎች በጥቂት በጥቂቱ በሚመልሰው ዘዴ ነው። ምርጫው መሠረት ነበረው። ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና አንድ ክፍል የሆነው ይህ ዘዴ ብቻውን ከሙሉው ሕክምና ያላነሰ ውጤት ማምጣቱን አሳይተዋል። እናቲቱ ጠዋት ጠዋት በእግር እንዲንቀሳቀሱ፣ ገበያ እንዲወጡ ተስማሙ። በሳምንቱ ሲመጡ አንዱንም አልሠሩም። በቀጣዩም እንዲሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በጤና ጣቢያው ስብሰባ ክፍል ተቀምጠን የፕሮፌሰሯን ቅጂ እንሰማለን። ማንም ትንፍሽ አይልም። ደግሞስ ፕሮፌሰሩን ማን ይተቻል? እኛ ያደግነው መምህር ሲሳሳት ዝም ማለትን ተምረን ነው። በመጨረሻ ከመካከላችን ዝምተኛዋ ልጅ እጇን አወጣች።

«ፕሮፍ ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይመልሱት?»

መለሱት። የእናቲቱ ድምፅ እንዲህ ይላል፦ «ሌሊት ሆዴን ሲያመኝ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። ብሞት ማን ይሰማል እላለሁ። የእድሬ ሰዎች እንኳ ቤቱን አያውቁትም።» የፕሮፌሰሯ ድምፅ ይቀጥላል፦ «እንቅልፉ ስንት ሰዓት ላይ ነው እምቢ የሚልዎት?»

ተማሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስለ ሞት አወሩዎት፤ እርስዎ ስለ ሰዓት ጠየቋቸው» አለች።

ፕሮፌሰሯ ቅጂውን ሌላ ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ እናቲቱ ያሉትን ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉ። «ትክክል ነሽ። አልፌዋለሁ» አሉ። ሳይዘገዩም ስለ ደኅንነት አነሡ። «ብሞት» ያለ ሰው ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ሳምንት ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ለእናቲቱ ስልክ ደወሉ።

እናቲቱ መሞት አይፈልጉም ነበር። ፍርሃታቸው ብቻቸውን መሞት ነው። በቀጣዩ ቀጠሮ ፕሮፌሰሯ «ባለፈው ‹ብሞት ማን ይሰማል› ብለውኝ እኔ ወደ ሌላ ጥያቄ ሄድኩ። ዛሬ እሱን ቢያጫውቱኝ» አሉ። ከዚያ ብዙም አልተናገሩም። እናቲቱ ተናገሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱ በብሎኮቹ መካከል ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ጠቧል። የድሮው እድር ድንኳን በርቀቱ ምክንያት የደረሰው በማግሥቱ ነው። አዲሶቹ ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ሰላም ከማለት በቀር አይተዋወቁም። «ሰው እንደሌለው ቀበርኩት» አሉ፤ አለቀሱም። ለዓመታት የከፈሉበትን እድር አሁንም በሰው እጅ ይልካሉ። ለቅሶ ግን መድረስ አልቻሉም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ደግሞ ነገ ማን ይደርስለታል ብለው ያስባሉ።

ሕክምናው አቅጣጫ ቀየረ። ፕሮፌሰሯ ወደ ኢንተርፐርሰናል ሳይኮቴራፒ ዞሩ። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበሩት ይህ ሕክምና ድባቴን ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከኑሮ ለውጥ ወይም ከብቸኝነት ጋር አያይዞ ይሠራል። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ መንደሮች በቡድን ተሰጥቶ ድባቴን በደንብ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እናቲቱ ሐዘኑም የኑሮ ለውጡም አለባቸው። ስለዚህ የሳምንቱ ሥራ ከእግር ጉዞ ወደ ሰው ተሸጋገረ። የመጀመሪያው ለድሮው እድር ሰብሳቢ ደውሎ «ቤቴን የሚያይ ሰው ላኩልኝ» ማለት ነበር። ሁለተኛው የብሎኩን እድር መጠየቅ። ሦስተኛው ፊት ለፊት በር ያለችውን ጎረቤት ቡና መጥራት።

ቀላል አልነበረም። ቡናውን ለመጥራት ወጥተው ደጃፏ ላይ ደርሰው ተመልሰዋል። ፕሮፌሰሯ አልገፏቸውም። የምን ፍርሃት እንደመለሳቸው ብቻ ጠየቁ። «ወሬ የምታደርገኝ መሰለኝ» ነበር መልሱ። በሳምንቱ ቡናው ተፈላ። ከድሮው እድር ሁለት ሰዎች አንድ እሑድ መጥተው ቤቱን አዩ፣ የብሎኩን ቁጥር ጻፉ። የመጠይቁ ውጤት ከ10 በታች ወረደ። እንቅልፋቸው ተመለሰ። ጨጓራቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ እሱ የራሱ ሕክምና ነበረው፣ ቀጠለም።

የሠራው

ከዚያ ሐሙስ በኋላ የሱፐርቪዥኑ መንፈስ ተለወጠ። ተማሪዎች ደካማውን ቅጂ መርጠው ማምጣት ጀመሩ። በፊት ጥሩ ጥሩውን ነበር የምናመጣው። ፕሮፌሰር የራሷን ስሕተት ሰሌዳ ላይ ከጻፈች ተማሪ ምን ይደብቃል? በቅጂዎቹ ላይ የታካሚው ድምፅ በዛ፣ የእኛ ቀነሰ። ሁለተኛ ቀጠሮ ላይ የሚቀሩትም አነሱ።

ለቀሩት ደውለን ምክንያቱን መጠየቃችንም ጠቀመ። አንዳንዱ «ተሻለኝ» ይላል። ሌላው የታክሲ ገንዘብ አጥቷል። አንዳንዷ ባሏ እንዳያውቅ ፈርታለች። ከዚህ በኋላ ቀጠሮዎች ሰው ለሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጣበት ቀን ጋር ተያያዙ።

ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ታካሚዎች ነበሩን። ፕሮፌሰሯ ማንንም ከጸበል አላስወጡም። የሚጠይቁት የጸበሉን ሰዓት ነው፤ ቀጠሮውና መድኃኒቱ ከእሱ ጋር እንዳይጋጩ። እኔ በዚህ በጣም እስማማለሁ። ምረጥ የተባለ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ እኛን ነው የሚተወው።

ያልሠራው

የቡድን ሕክምናው ከሸፈ። የኡጋንዳው ውጤት አበረታቶን ለሴቶች ቡድን አቋቋምን። ሴቶቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ውሃና ስለ ዋጋ ንረት ተጨዋወቱ፤ ገመናቸውን ግን ማንም አላወጣም። በኋላ ለየብቻ ስንጠይቅ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ሁለቱ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ተጋሪዎች ናቸው። ኡጋንዳ መንደር ውስጥ ሰዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ይተዋወቃሉ። እዚህ የሚተዋወቁት ለሐሜት በሚበቃ መጠን እንጂ ለመተማመን በሚበቃ መጠን አልነበረም። ቡድኑ ተዘጋ።

ወንዶች አልመጡም ማለት ይቻላል። የሥራ ሰዓታችን ከሥራ ሰዓታቸው ጋር አንድ ነው። ቅዳሜ ለመክፈት ብንጠይቅም ተረኛ ሠራተኛ አልተገኘም።

ከሁሉ የከበደኝ የሴሚስተሩ ነገር ነው። ሴሚስተር ሲያልቅ ተማሪው ይሄዳል፤ ታካሚው ግን ገና መሃል ላይ ነው። ባሏን ጥላ ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት ለአንዲት ተማሪ ከወራት ዝምታ በኋላ መናገር በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዋ ተመረቀች። ሌላ ሰው ተመደበላት፤ አልመጣችም። ደጋግመን ደወልን፤ አላነሣችም። ከዚያ በኋላ ሴሚስተር ሊያልቅ ሲቃረብ አዲስ ታካሚ መያዝ ቀረ፤ ነባሩና አዲሱ ተማሪም ቢያንስ አንድ ቀጠሮ አብረው እንዲቀመጡ ተደረገ። ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልተፈታም። ጤና ጣቢያው ቋሚ ባለሙያ እስካልቀጠረ ድረስም የሚፈታ አይመስለኝም።

ከዚህ ምን ይወሰዳል

መቅጃው ርካሽ ነው። ዋጋ የሚያስከፍለው ቀድሞ የራስን ቅጂ ማቅረብ ነው። ይህን ሥራ ሌላ ቦታ ለመጀመር የሚያስብ መምህር ከተማሪ በፊት የራሱን ያስደምጥ እላለሁ፤ ጥሩውን ብቻም አይምረጥ። እኔ የማሠለጥናቸው ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰሙት የኔን ነው።

ዘዴ ሲመረጥ ጥናት ማንበብ ያስፈልጋል፤ ግን ሥራው እዚያ አያበቃም። ፕሮፌሰሯ በመጀመሪያ የመረጡት ዘዴ በጥናት የተደገፈ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። የትኛው ለእኚያ እናት እንደሚሆን የተናገረው የራሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመስማት ደግሞ ሦስተኛ ጆሮ አስፈለገ።

ከተማ ዳር ላይ የሚሠራ ሰው ስለ እድር ይጠይቅ። ታካሚው በየትኛው እድር እንዳለ፣ ማን ለቅሶ እንደሚደርስለት፣ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ጠይቆ መመዝገብ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። በእኛ ቅጽ ላይ አሁን ከመድኃኒት ታሪክ ቀጥሎ ያለው ይህ ነው።

ስለ ምርምሩም አንድ ነገር ልበል። ፕሮፌሰሯ የጤና ጣቢያውን መረጃ ይዘው «ሕክምናው ሠርቷል» የሚል ጽሑፍ እንዲያሳትሙ ተጠይቀው እምቢ አሉ። የሚነጻጸር ቡድን የለንም፤ የቀሩት ሰዎች ምን እንደሆኑ ሁሉንም አናውቅም፤ ድባቴ በጊዜም ሊሻል ይችላል። ያሳተሙት ስለ ሱፐርቪዥኑ አሠራርና ሰዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ብቻ ነው። ለደረጃ እድገት ትንሽ ነጥብ የሚያስገኝ ጽሑፍ ነው። አሁን ከጤና መኮንኑ ጋር ሆነው ማነጻጸሪያ ያለው ጥናት እያዘጋጁ ነው። እስኪፈቀድ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ከቃሊቲ ታክሲ ይዘው ይመጣሉ።